ዜማውንም ፊልሙንም፦ ለካቶሊካዊት ቤተክርስቲያናችን አባቶች ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ በኢትዮጵያ ካቶሊካዊት ቤተክርስቲያን በየሀገረ ስብከቱ የሥርዓተ አምልኮን፣ የማኅበራዊ መገናኛንና የወጣቶችን ሐዋርያዊ ሥራ ለምትመሩ አባቶች፣ እኅቶችና ወንድሞች፤ እንዲሁም ለቁምስና ካህናትና ለምእመናን ምክር ቤቶች

ሰላመ እግዚአብሔር ከሁላችሁ ጋር ይሁን።

ክቡራን አባቶች፣ የዓለም ካቶሊካውያን ጳጳሳት የተሰበሰቡበት ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሰነዶች ያወጀው በአንድ ቀን ነው፤ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 4 ቀን 1963። አንደኛው ስለ ሥርዓተ አምልኮ የተደነገገው ሲሆን ስድስተኛው ምዕራፉ በሙሉ ስለ ቅዱስ ዜማ ይናገራል። ሁለተኛው ስለ ማኅበራዊ መገናኛ ነው፤ ስለ ጋዜጣ፣ ስለ ሬዲዮ፣ ስለ ቴሌቪዥንና ስለ ፊልም። ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 24 ቀን 1956 ዓ.ም. ነበር። ኅዳር 24 በስንክሳር የሃያ አራቱ ካህናተ ሰማይ በዓል ነው፤ ጽናቸውን ይዘው በመንበሩ ዙሪያ ያለማቋረጥ የሚያመሰግኑት ካህናት። ጉባኤው ቀኑን የመረጠው የእኛን ስንክሳር አገላብጦ እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ቢሆንም ሁለቱን አቆጣጠሮች ጎን ለጎን አድርጌ ስመለከት ልቤ ሞቀ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ያ ቀን በቁምስናዎቻችን ውስጥ ገና ስላልደረሰ ነው። ዜማው በቸልታ እየተጎሳቆለ ነው። ፊልሙ ደግሞ በጥርጣሬ ከበር ይመለሳል። የምጠይቀው ነገር አንድ ነው፤ የሰውን ልብ ደስ የሚያሰኝ ንጹሕ ነገር ሁሉ የእረኝነታችሁ ጉዳይ ተደርጎ ይቆጠር። ከቅዳሴ የተረፈ ጊዜ ማሳለፊያ ተደርጎ አይታይ።

ከዜማው ልጀምር፤ ረዘም አድርጌም ልናገር፤ የሚያሳምመኝ እሱ ነውና።

እኔ ያደግሁት በግእዝ ሥርዓት ነው። የቅዱስ ያሬድን ዜማ ከእኅታችን ከኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተክርስቲያን ጋር እንጋራዋለን፤ ሦስቱ የዜማ ስልቶች፣ ግእዙ፣ ዕዝሉ፣ አራራዩ፣ የሁላችን ቅርስ ናቸው። ጣሊያናዊው ሚስዮናዊ ቅዱስ ዩስጢኖስ ዴ ያቆቢስ እ.ኤ.አ. በ1839 ወደ አገራችን በመጣ ጊዜ የራሱን የላቲን ቅዳሴ በሕዝባችን ላይ ሊጭን አልሞከረም። ግእዝ ተማረ፤ ሥርዓታችንንም ወደደ። ከእርሱ ጋር መከራን የተቀበለው ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል ከመነኮሳት መካከል የወጣ የመጻሕፍት ሊቅ ነበር። ቤተክርስቲያናችን የተተከለችው እንግዲህ ግእዙን በወደዱና ባወቁ ሰዎች እጅ ነው። ጉባኤውም እ.ኤ.አ. በ1964 ስለ ምሥራቃውያን አብያተ ክርስቲያናት ባወጣው ድንጋጌ ሥርዓታችንን እንድንጠብቅ፣ ከእርሱ የራቅን እንደሆነም ወደ አባቶቻችን ወግ እንድንመለስ አዞናል። ትእዛዙ የወጣው ከሮም ነው፤ ጥቂት ጎበዝ ዲያቆናት በግላቸው የሚደክሙበት ጉዳይ ሆኖ መቅረት የለበትም።

ዜማችን ምን ያህል ኃይል እንዳለው አንድ ታሪክ ልጥቀስ። በአሥራ ስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዮሐንስ ፖትከን የሚባል የኮሎኝ ካህን በሮም ሳለ ከአገራችን የሄዱ መነኮሳት ሲያዜሙ ሰማ። ቋንቋቸውን አያውቅም። ነገር ግን ከዜማው መካከል የእመቤታችንን ስምና የሐዋርያትን ስም ለየ፤ ከዚያም ሊማር ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ1513 በሮም መዝሙረ ዳዊትን በግእዝ አሳተመ። በግእዝ ቋንቋ የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ይህ ነው። ያ ሰው በክርክር አልተሳበም፤ ስብከት የሰበከለት፣ መጽሐፍ የሰጠውም አልነበረም። ዜማው በጆሮው ገብቶ ቀረ፤ እኛም በዚያ ምክንያት የታተመ ዳዊት አገኘን።

ዛሬ እንዲህ ያለ መንገደኛ ወደ አንዱ ቁምስናችን እሑድ ጠዋት ቢገባ ምን ይሰማል? ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ቤተክርስቲያን ውስጥ በቅዱስ ቁርባን ጊዜ የሰማሁትን ልንገራችሁ። ኪቦርዱ በውስጡ ተቀድቶ የመጣለትን ምት ለብቻው ይመታል፤ ተጫዋቹ አንዱን ቁልፍ ተጭኖ እጁን አንሥቷል። ድምፅ ማጉያው ግድግዳውን ያናውጣል። ሕዝቡ ዝም ብሏል፤ ሊዘምር ቢፈልግም የራሱን ድምፅ ሊሰማ አይችልም። አንዲት እናት ከጎኔ ቆመው በከንፈራቸው ብቻ «ሰላም ለኪ» ይሉ ነበር።

ኪቦርድ ይውጣ አላልሁም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 10ኛ እ.ኤ.አ. በ1903 ስለ ቅዱስ ዜማ ባወጡት ድንጋጌ ፒያኖን፣ ከበሮንና ጸናጽልን የመሰሉ መሣሪያዎችን ከላቲን ቤተክርስቲያናት ከልክለው ነበር። በዚያው ዘመን በእኛ ማኅሌት ከበሮና ጸናጽል እንደ ወትሮው ይመቱ ነበር፤ ማንም መንፈሳዊነታቸውን አልተጠራጠረም። ከስድሳ ዓመት በኋላ ጉባኤው የየሕዝቡ የራሱ የዜማ ባህል ተገቢው ክብር እንዲሰጠው ደነገገ። በጉባኤው ወቅት በቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ በግእዝ ሥርዓት ሲቀደስ የከበሮው ድምፅ ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰቡትን ጳጳሳት ቀልብ ስቦ ነበር። ስለዚህ የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው፦ ይህ መሣሪያ ሕዝቡን ያዘምራል ወይስ ሕዝቡን ያስቀምጣል? ከበሮ የሚመታ ሰው የዘማሪውን ትንፋሽ ይጠብቃል፤ ሲዘገይ ይዘገያል፤ ሲነሣ ይነሣል። በፋብሪካ የተቀዳ ምት ማንንም አይጠብቅም።

በደቡብ ያሉ የላቲን ሥርዓት ወንድሞቼና እኅቶቼ በወላይትኛ፣ በከምባትኛ፣ በሀዲይኛ፣ በሲዳምኛ ሲዘምሩ ሰምቼ እንባዬ መጥቷል። ዜማቸው ከአገሩ አፈር የወጣ ነው። ከሌላ አገር ቪዲዮ ተገልብጦ ከአዲስ አበባ የሚላክላቸውን መዝሙር ሲለማመዱ ሳይ ግን አዝናለሁ። የራሳቸው እያለ!

አንድ ነገር ከልቤ ልቀበል። ዜማ የሚያስደስት መሆኑ ራሱ ቅዱሳንን አስጨንቋል። ቅዱስ አውግስጢኖስ በሚላኖ በቅዱስ አምብሮስዮስ ቤተክርስቲያን የሚዘመረውን ሰምቶ እንዳለቀሰ፣ እንባውም መልካም እንደሆነለት ጽፏል። እዚያው መጽሐፉ ውስጥ ወረድ ብሎ ደግሞ ከቃሉ ይልቅ ዜማው ሲማርከው ኃጢአት የሠራ ያህል እንደሚሰማው ይናገራል፤ በመጨረሻ ግን በቤተክርስቲያን የመዘመርን ልማድ ያጸድቃል። ይህ ጭንቀት የከበረ ነው። አንዳንድ አባቶቻችን ደስታን ሲጠራጠሩ ከዚሁ ቅን ስሜት ተነሥተው እንደሆነ አውቃለሁ። ይሁን እንጂ አውግስጢኖስ የደረሰበትን መደምደሚያ እንድንተወው አይገባም። ንጉሥ ገብረ መስቀልን አስቡት። ቅዱስ ያሬድ ሲያዜም ሁለቱም ተመስጠው የንጉሡ ጦር የካህኑን እግር ሲወጋ ማናቸውም አላስተዋሉም ይላል ገድሉ። ትውፊታችን በዚህ መመሰጥ አያፍርም፤ በየቤተክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ ሥሎታል።

አሁን ወደ ፊልሙ።

አዲስ አበባ የመጀመሪያዎቹን የፊልም ማሳያዎች ስታይ ሕዝቡ ቦታውን «የሰይጣን ቤት» ብሎ ሰይሞት ነበር። ያ ስም በአንዳንድ ቁምስናዎቻችን እስከ ዛሬ በሥራ ላይ ያለ ይመስለኛል። ከጥቂት ጊዜ በፊት በአንድ ቁምስና ያሉ ወጣቶች ቅዳሜ ማታ በአዳራሹ ፊልም አይተው ለመወያየት ፈቃድ ጠየቁ። የመረጡት ፊልም የክርስቶስን ሕይወት የሚተርክ ነበር። የተሰጣቸው መልስ «ይህ ዓለማዊ ነው፤ አዳራሹ ለሰርግና ለስብሰባ ነው» የሚል ሆነ። አዳራሹ በዚያው ቅዳሜ ተዘግቶ ዋለ፤ አመሸም።

ሮም ግን እንዲህ አትናገርም። ፒዮስ 11ኛ እ.ኤ.አ. በ1936፣ ፒዮስ 12ኛም በ1957 ስለ ፊልም ሐዋርያዊ መልእክት ጽፈዋል። በእርግጥ ማስጠንቀቂያው ብዙ ነው፤ ተስፋውም ግን ብዙ ነው። በጣሊያን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በነበሩት ዓመታት ቁምስናዎች የራሳቸው የፊልም አዳራሽ ነበራቸው፤ ቁጥራቸው በሺዎች ይቆጠር ነበር። የመንደሩ ልጅ ከቄሱ ጋር ፊልም አይቶ ስለ ፊልሙ እየተከራከረ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። ሲኒማ መቶ ዓመት በሞላው ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1995፣ ቫቲካን በሃይማኖት፣ በሰብአዊ እሴትና በጥበብ ከፍሎ የ45 ፊልሞችን ዝርዝር አወጣ። ዝርዝሩ የተዘጋጀው እንዲታይ ነው።

ከእነዚያ ውስጥ አንዱን ብቻ ላንሣ፤ ዜማንና ፊልምን በአንድ ላይ የሚያስተሳስረው እሱ ስለሆነ። ፒየር ፓዎሎ ፓዞሊኒ ጣሊያናዊ ገጣሚና የፊልም ዳይሬክተር ነበር፤ በእግዚአብሔር እንደማያምን በግልጽ ይናገር ነበር፤ ማርክሲስት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1963 በአንድ ሥራው ምክንያት ሃይማኖትን ሰድበሃል ተብሎ ፍርድ ቤት ቆሟል። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አሲሲ ከተማ ሳለ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ 23ኛ ወደዚያ በመምጣታቸው መንገዱ ሁሉ ተጨናነቀ፤ እርሱም ካረፈበት ክፍል ሳይወጣ ወንጌልን አንሥቶ አነበበ። በ1964 የቅዱስ ማቴዎስን ወንጌል ሠራ፤ ሥራውንም በዚያን ጊዜ ላረፉት ለዮሐንስ 23ኛ መታሰቢያ አበረከተ። የቃሉን አንድም ነገር ከራሱ አልጨመረም፤ ጌታ የሚናገረው ማቴዎስ የጻፈውን ነው። ተዋንያኑ አብዛኞቹ በሙያው የማይታወቁ ተራ ሰዎች ናቸው። በዕድሜ የገፉትን እመቤታችንን የተጫወቱት የዳይሬክተሩ የገዛ እናት ናቸው፤ በመስቀሉ ሥር ሲወድቁ ማየት የሚቻለው ልብን አጽንቶ ነው። የቫቲካኑ ጋዜጣ እ.ኤ.አ. በ2014 ስለ ኢየሱስ ከተሠሩት ፊልሞች ሁሉ ምርጡ ይህ ነው ብሎ መስክሮለታል።

በዚህ ፊልም ውስጥ የጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ የባኽ ዜማ ይሰማል፤ የጥቁር አሜሪካውያን መንፈሳዊ ዝማሬም ይሰማል። ከሁሉ ይልቅ የሚነካኝ ግን ከኮንጎ የመጣው «ስብሐት ለእግዚአብሔር በአርያም» ነው። ጉይዶ ሃዘን የተባለ ቤልጅየማዊ የፍራንቸስካውያን መነኩሴ በካሚና ከተማ ከአካባቢው ልጆችና መምህራን ጋር ሆኖ የላቲኑን ቅዳሴ በኮንጎ ዜማና ከበሮ አዘጋጀ፤ «ሚሳ ሉባ» ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1958 ተቀዳ፤ ማለትም ጉባኤው ከመከፈቱ በፊት። ያ የአፍሪካ ልጆች ድምፅ በፍልስጤም የተፈጸመውን ታሪክ፣ በደቡብ ጣሊያን ድንጋያማ ኮረብታ ላይ የተቀረጸውን ታሪክ አጅቦ ይሰማል። የእኛ ወጣቶች ይህን ቢያዩ «አፍሪካዊ ዜማ ለቅዳሴ ይበቃል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ያለ አንዳች ክርክር ይፈታላቸው ነበር።

«ወጣቱ እኮ በስልኩ የፈለገውን ያያል፤ እናንተ ምን ትጨምሩለታላችሁ?» ትሉ ይሆናል። ልክ ነው፤ ያያል። ብቻውን ያያል፤ ሌሊት ያያል፤ ያየውን የሚነግረው ሰው የለም። አዳራሹ የሚጨምርለት ሌላ ሰውን ነው። ከእርሱ ቀጥሎ የተቀመጠች አሮጊት ስታለቅስ ያያል። ፊልሙ ሲያበቃ መብራት ይበራል፤ ቄሱ «ጴጥሮስ ሲክድ ምን ተሰማችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። ከዚያ የሚነሣው ንግግር አንዳንድ ጊዜ ወደ ንስሐ የሚያደርስ ነው። ስለ ፊልሞቹ ይዘት መጨነቃችሁ ተገቢ ነው፤ ለዚህም መድኃኒቱ አስቀድሞ አይቶ የሚመርጥ፣ ካህንና ወላጅ ያለበት ትንሽ ኮሚቴ ማቋቋም ነው። ጉባኤው ራሱ ለንጹሕ መዝናኛና ለጥበብ የሚጠቅሙ ፊልሞች፣ በተለይ ለወጣቶች የተዘጋጁት፣ እንዲበረታቱ ጠይቋል።

ስለ ደስታ አንድ ነገር ልጨምር። ከጥንት ጀምሮ ጾም አዋቂዎች ነን፤ እኔም እጾማለሁ፤ እወደዋለሁም። ነገር ግን የጾም ጌጡ ፋሲካው ነው። ሁለት ወር የጠበቀች ቤተሰብ ዶሮ ወጡን ከብባ «እንኳን አደረሳችሁ» ስትባባል ያ ማዕድ ከትንሣኤው እምነት የተለየ ነገር ነው ብሎ የሚነግረኝን ሰው አላምነውም። ከጥምቀት ማግስት፣ ጥር 12 ቀን፣ ቃና ዘገሊላን እናከብራለን። ጌታ የመጀመሪያ ተአምሩን ያደረገው በሰርግ ቤት ነው፤ ስድስት የድንጋይ ጋኖች ሙሉ የወይን ጠጅ፣ ያውም እንግዶቹ ከጠጡ በኋላ። ቡናም በሰሜኑ ክርስቲያን ዘንድ ለረጅም ጊዜ የተነወረ መጠጥ እንደነበር ሽማግሌዎች ያውቃሉ። ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ የእናቶች ማኅበር ረከቦቱን ሲያቀርብ ካህኑ ባርከው ይቀመጣሉ።

ቅዱስ ቶማስ አኵዊናስ ነፍስም እንደ ሥጋ ዕረፍት እንደሚያስፈልጋት፣ ዕረፍቷም ደስታ እንደሆነ አስተምሯል። ጨዋታ ፈጽሞ የማይወድ፣ የሌላውንም ጨዋታ የሚያበላሽ ሰው ጥፋት አለበት እስከ ማለት ደርሷል። ያረፉት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ደግሞ ስለ ቤተሰብ ፍቅር እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ሰነድ አንድ የዴንማርክ ፊልም ጠቅሰዋል፤ «የባቤት ግብዣ» ይባላል። ከፈረንሳይ የተሰደደች ሴት በሎተሪ ያገኘችውን አሥር ሺህ ፍራንክ በሙሉ ለአንድ ማታ እራት ታውለዋለች፤ ተጋባዦቹም ተኮራርፈው የቆዩ የአንዲት ትንሽ መንደር አማኞች ናቸው። ከማዕዱ ሲነሡ ታርቀዋል። ይህን ፊልም በእኛ አዳራሽ፣ ከእናቶቻችን ጋር፣ እንጀራ ቀርቦ ለማየት እመኛለሁ። ታሪኩን ለመረዳት ማንም አስተርጓሚ አያስፈልገውም፤ እርቅና ማዕድ በአገራችን ተለያይተው አያውቁም።

እንግዲህ የምለምናችሁ ይህን ነው። በየሀገረ ስብከቱ ቢያንስ አንድ ቁምስና የዜማ መምህር ይቅጠር፤ በነጻ እንዲያገለግል አይጠየቅ፤ ደመወዝ ይከፈለው። የያሬድን የዜማ መጻሕፍት፣ ዲጓውንና ጾመ ዲጓውን፣ የሚያውቁ፣ የዜማውን ምልክቶች፣ ድፋቱን፣ ሒደቱን፣ ቅናቱን ለይተው የሚያስተምሩ ሰዎች ዛሬም አሉ፤ ከመካከላቸው የሸመገሉት ግን ብዙ ናቸው። ሴት ልጆችም ይማሩ። የደቡብ ቁምስናዎች ሽማግሌዎች የሚያውቁት ዜማ በድምፅ ይቀዳ፤ በየቋንቋው ይጻፍ። በቅዳሴ ጊዜ በማሽን የተቀዳ ምት እንዳይገባ አንድ አጭር መመሪያ ይውጣ። እንዲህ ያለ መመሪያ ገንዘብ አያስወጣም።

ለፊልሙ ደግሞ በዓመት አንድ ቀን እንኳ ለጅማሬ ይበቃል። ጉባኤው ያዘዘው ዓለም አቀፍ የማኅበራዊ መገናኛ ቀን እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ በየዓመቱ ይከበራል፤ በብዙ ቁምስናዎቻችን ግን ከማስታወቂያ ያለፈ ነገር አይደረግበትም። በዚያ እሑድ አዳራሹ ይከፈት። አብዛኞቹ ቁምስናዎች ለጋብቻ ትምህርት የሚጠቀሙበት ፕሮጀክተር አላቸው፤ ነጭ ግድግዳም አለ። ፊልም የሚመርጥ፣ የአማርኛ ጽሑፍ ከሥሩ የሚጽፍ፣ ወንበር የሚደረድር ሰው ከጠፋ እኔና በመዘምራን ማኅበር ያሉ ጓደኞቼ ዝግጁ ነን። ቡናውንም እናፈላለን።

መልሳችሁን በቁምስናዬ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይም ቢሆን በጉጉት እጠብቃለሁ።

ቡራኬያችሁን በመለመን፣
አንድ የአዲስ አበባ ሀገረ ስብከት ምእመን